ደጋ ላይ ትንፋሽ ያጠረው መጋዝ

የኅዳር ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የባሕር ዛፍ ማሳ ውስጥ ሁለት ወጣቶች በአንድ የወደቀ ግንድ ሁለት ጫፍ ላይ ቆመው ሞተር መጋዞቻቸውን ያሞቃሉ። ዛፉን የገዛው ነጋዴ አይሱዙውን ከመንገድ ዳር አቁሞ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ይጠብቃል። ሐሳቡ ግንዱ ቶሎ ተቆራርጦ፣ አጣናው ለብቻ ወፍራሙም ለብቻ ተጭኖ ከቀትር በፊት የአዲስ አበባን መንገድ መጀመር ነው።

ከሁለቱ መጋዞች አንደኛው ከ70 ሲሲ በላይ የሆነ፣ ረጅም መሪ ብረት የተገጠመለት ትልቅ መጋዝ ነው። ሁለተኛው ጎኑ ላይ «5800» የሚል ቁጥር የተጻፈበት፣ ዋጋውም ክብደቱም የሚያንስ ነው። እኩል ጀመሩ። ትልቁ ጥርሱን እንጨቱ ውስጥ እንዳስገባ ድምፁ ወፈረ፣ ጭሱ ጠቆረ። ወጣቱ ጫን ባለው ቁጥር ሊታነቅ ይደርስና ያነሣዋል፤ እንደገና አፋፍሞ ይመለሳል። ትንሹ ሳያቋርጥ ቆርጦ ጨረሰ።

«ነግሬህ ነበር፤ ያረጀ ዕቃ ነው። ሽጠህ እንደኔ አዲስ ግዛ» አለ የትንሹ ባለቤት።

ትልቁን የያዘው ልጅ አጠገቡ ወደቆሙት ቱታ ለባሽ አዛውንት መካኒክ ዞረ። «ጋሼ፣ እባክዎ ካርቡራቶሩን ይዩልኝ። ትናንት ነዳጁን ትንሽ ቀንሰንለት ነበር፤ ዛሬ ግን ባሰበት።»

«ካርቡራቶሩን ተወው ልጄ። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈት።»

ክዳኑ ሲነሣ የአየር ማጣሪያው፣ መካኒኮቻችን ፊልትሮ የሚሉት፣ መልኩ አይለይም። ሰጋቱራውና ዘይቱ ተላቁጠው ጣት የማይበሳው ንጣፍ ሠርተውበታል። አዛውንቱ ከቦርሳቸው ንጹሕ ፊልትሮ አወጡ፤ ከመግጠማቸው በፊት ግን ካቻቢቴያቸውን ይዘው ትናንት የተጠበበውን ብሎን ወደ ነበረበት መለሱ። «ይህን ሳንመልስ አየሩን ብንለቅለት ሞተሩን እንገድለዋለን» አሉ። ከዚያ መጋዙ ተነሣ። ድምፁ ቀጠነ፣ ጭሱ ጠፋ፣ ከግንዱ የሚወጣው ስንጥርም እየወፈረ እግራቸው ሥር ይከመር ጀመር። ስለ አሮጌና ስለ አዲስ የተነሣው ክርክር እዚያው ቆመ።

በሞተር መጋዝ የሚተዳደሩ ሰዎች ባሉበት ሁሉ «የትኛው መጋዝ ይበልጣል?» የሚለው ወግ አያልቅም። የጀርመኑን የሚያወድስ አለ፣ በስዊድኑ የሚምል አለ፣ የቻይናው ይበቃኛል የሚልም አለ። ክርክሩ ደስ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚወዳደሩት መጋዞቹ አይደሉም። የሚወዳደሩት የታፈነ ሞተርና ያልታፈነ ሞተር ናቸው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፦ ባለቤቱ በብዙ ብር የገዛውን፣ ገና ዕድሜ ያለውን መጋዝ በአንዲት ቁራጭ ፊልትሮ ምክንያት ደካማ ብሎ ሲጥለው ማየት ያሳዝናል።

ሞተሩ ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ እናስላ። የ70 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ሞተር በደቂቃ 9,000 ጊዜ ሲዞር ፒስቶኑ የሚጠርገው ቦታ 630 ሊትር ነው። ቦታው ሙሉ በሙሉ በአየር አይሞላም፤ ቢሆንም ሞተሩ በየደቂቃው በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ይስባል። ተቀምጦ የሚያርፍ ሰው በደቂቃ የሚተነፍሰው ከ6 እስከ 8 ሊትር ነው። ያ ሁሉ አየር የሚያልፈው ከመዳፍ በማይበልጥ ማጣሪያ ውስጥ ነው፤ ማጣሪያው ያለውም ሰንሰለቱ ያለማቋረጥ ዱቄት ከሚረጭበት ቦታ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጣ ነገሩ ይከፋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሞተር ጉልበት በየ1,000 ሜትር ከፍታ አሥር ከመቶ ገደማ ይቀንሳልና፣ በፋብሪካ ወረቀት ላይ 3.9 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈለት መጋዝ እዚህ ከ3 ኪሎዋት በታች ነው። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ትንሹም ትልቁም መጋዝ እኩል የሚከፍለው የደጋ ግብር ነው። በዚህ ላይ የተደፈነ ፊልትሮ ሲጨመር ግን ከቀረው ላይ እንደገና ይቀነሳል።

ከፍታም ድፍን ፊልትሮም ሞተሩ ላይ የሚያሳዩት ምልክት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው ችግሩን የሚያወሳስበው። አየሩ ሲሳሳ ተራ ካርቡራቶር ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ መጋዝ ደጋ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል። ፊልትሮው ሲደፈንም አየር ያንስና ነዳጅ ይበዛል። ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ የቤንዚን ፍጆታ መጨመር፣ ከእንጨት ጋር ሲገናኝ መታነቅ ነው። ደጋ ላይ ብሎኑን በልኩ ማስተካከል ትክክለኛ ሥራ ስለሆነ፣ ሰው ምልክቱን ሲያይ እጁ ወዲያው ወደ ካቻቢቴው ይሄዳል። ፊልትሮው ሳይታይ የተጠበበ ካርቡራቶር ግን ለታመመ ፊልትሮ የተስተካከለ ካርቡራቶር ነው።

አደጋው የሚመጣው በኋላ ነው። አንድ ቀን ባለቤቱ ፊልትሮውን ያጥባል ወይም አዲስ ይገጥማል፤ አየሩ በአንድ ጊዜ ይገባል፣ ነዳጁ ግን ተጠቦ ቀርቷል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ለብቻው የዘይት ጋን የለውም፤ የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ጥሩ ዘይት ሲሆን በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ይህም 50 ለ1 ይባላል። ነዳጁ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የነዳጅ ጤዛም ይቀንሳል። መጋዙ ለጥቂት ጊዜ ከመቼውም ይልቅ ሹል ድምፅ እያሰማ፣ ከመቼውም ይልቅ እየፈጠነ ይሠራል። ባለቤቱ ደስ ብሎት ሳለ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል።

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መጋዝም ይኸው ዕጣ ሊገጥመው ይችላል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ አየሩም ይወፍራል። ለደጋው ተጠቦ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቆላ ሲደርስ ነዳጁ አይበቃውም። በሥራ ፍለጋ መጋዛቸውን ተሸክመው ደጋና ቆላ የሚመላለሱ ልጆች ይህን የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ስንት ሞተር በተረፈ! የአዛውንቱ ምክር አጭር ነው፦ መኪና ላይ ስትወጣ ብሎኑን ትንሽ ክፈተው፤ ቆላ ስትደርስ በጆሮህ አስተካክል።

በጆሮ ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በልኩ የተስተካከለ መጋዝ ያለ ጭነት ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ በትንሹ ይንተባተባል፤ ጥርሱ እንጨት ውስጥ ሲገባ መንተባተቡ ይጠፋና ይጠራል። እንጨት ውስጥም እየተንተባተበ ከቀጠለ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ያለ ጭነት ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ አንሶት ወደ ሞቱ እየሄደ ነው። ማሳው ውስጥ ያየሁት ይህ ነበር፦ አዛውንቱ መጋዙን ሳይነኩ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ ድምፁን ብቻ እየሰሙ ፈረዱ።

ፊልትሮውን የሚደፍነው ዱቄት ከየት ይመጣል? ሰው ሁሉ «ከሥራው ነዋ» ይላል፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰንሰለቱ ላይ ነው። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን የሰንሰለት ጥርስ የፈለሰፈው ጆሴፍ ኮክስ የሚባል የአሜሪካ የኦሪገን ግዛት እንጨት ቆራጭ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. የግንድ ትል እንጨቱን ሲበላ አፉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያፈራረቀ እንደሚልጥ ተመልክቶ፣ ግራና ቀኝ የሚፈራረቅ ጥርስ ሠራ፤ በዓመቱም ለገበያ አቀረበው። ይህ ጥርስ የተሠራው እንጨቱን በስንጥር እየላጠ እንዲያወጣ ነው። የተሳለ ከሆነ የሚያወጣው ስንጥር ከባድ ስለሆነ መሬት ላይ ይወድቃል። የዶለዶመ ጥርስ ግን እንጨቱን ይፈጨዋል፤ የሚወጣው ዱቄት ቀላል ስለሆነ በአየር ላይ ይንሳፈፍና በቀጥታ ወደ ፊልትሮው ይሳባል።

ስለዚህ ከመጋዙ ሥር የሚወድቀውን ማየት ይገባል። ስንጥር ከሆነ ደግ ነው፤ ዱቄት ከሆነ ሞረድ ማንሣት ነው። የተለመደው ትልቅ ሰንሰለት 5.2 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ይፈልጋል፤ ጥርሱ ብዙ ጊዜ በ30 ዲግሪ ይሳላል። ብዙዎች የሚረሱት ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታ ነው። ጉብታዋ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለባት፤ ጥርሱ ደጋግሞ ሲሳል ያጥራል፣ ጉብታዋ ካልተሞረደች ጥርሱ እንጨቱን አይነካም። ያኔ ባለ መጋዙ በክንዱ ይጫናል፣ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ዱቄቱ ይበዛል፣ ፊልትሮው ይደፈናል። የደከመ ሞተር የሚመስለው ነገር ከአንድ ሞረድ መጥፋት ይጀምራል።

ሌላው ምንጭ አፈር ነው፤ ከሰጋቱራም የሚከፋው እርሱ ነው። የእንጨት ዱቄት አየር ይዘጋል እንጂ ብረትን ብዙ አይበላም። በመሬት ላይ የተጎተተ ግንድ ልጥ ውስጥ የገባ አሸዋ ግን ጥርሱንም ያዶለዱማል፣ በፊልትሮው ካለፈም ሲሊንደሩን ይፍቃል። በበጋ በሬ ወይም ሰው የጎተተውን ግንድ ከመቁረጥ በፊት ልጡን በገጀራ መላጥ የሚያለፋ ይመስላል፤ ከሚያድነው አንጻር ሲታይ ምንም አይደለም። ለጣውላ የሚሰነጥቁ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠንቀቁ። ግንድን በርዝመቱ መሰንጠቅ እንደ መሪ ብረቱ አያያዝ ወይ ደቃቅ ዱቄት ወይ ረጃጅም ክር ያወጣል፤ ሞተሩም ሳያርፍ ለረጅም ጊዜ በሙሉ ነዳጅ ይሠራል።

ዱቄቱ ለምን እንዲህ ተጣብቆ ይቀራል ለሚል ምክንያቱ ከውስጥ በኩል ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር በተወሰነ ፍጥነት ላይ የነዳጅና የዘይት ጤዛ ወደ ኋላ፣ በካርቡራቶሩ በኩል ወደ ፊልትሮው ይተፋል። ትንሽ ከሆነ የተለመደ ነው። ፊልትሮው በየቀኑ ከውስጥ ርሶ የሚገኝ ከሆነ ግን ነዳጁ በዝቷል፣ ዘይቱ ከልኩ በላይ ተጨምሯል፣ አለዚያም ሞተሩ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው፤ አጥቦ መመለስ ብቻውን አይበቃም። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ብርድ አገር የሚረሳ ሌላ ነገርም አለ። አንዳንድ መጋዞች ከሲሊንደሩ ሞቃት አየር ወደ ካርቡራቶሩ የሚያስገባ የብርድና የሙቀት ጊዜ መዝጊያ አላቸው። ለውርጩ ተብሎ ጠዋት የተከፈተው ቀትር ላይ ካልተዘጋ ሞተሩ ትኩስ አየር እየሳበ ጉልበቱን ያጣል።

ፋብሪካዎቹም ከዚህ ችግር ጋር ብዙ ታግለዋል። የስዊድኑ ሁስክቫርና «ኤር ኢንጀክሽን» በሚለው አሠራሩ የሞተሩን የማቀዝቀዣ ፋን ይጠቀማል፤ ሲሽከረከር ከባዱ ዱቄት ወደ ዳር ይወረወራል፣ ወደ ፊልትሮው የሚላከው ከመሐል የተወሰደ የጠራ አየር ነው። የጀርመኑ ሽቲል «ኮምፔንሴተር» የሚለው ካርቡራቶር ነዳጁን የሚመጥነውን ስስ ሽፋን የአየር ወገን ከፊልትሮው ንጹሕ ወገን ጋር ያገናኘዋል፤ ፊልትሮው እየተደፈነ ሲሄድ ነዳጁም አብሮ ይቀንሳል፣ መጠኑም ሳይዛባ ይቆያል። የሁለቱ ፋብሪካዎች አዳዲስ መጋዞች ላይ ደግሞ «ኦቶቱን» እና «ኤም-ትሮኒክ» የሚባሉ በኤሌክትሮኒክስ ራሳቸውን የሚያስተካክሉ ካርቡራቶሮች አሉ፤ ከፍታውንም ድፍንነቱንም ከግምት ያስገባሉ። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ነዳጁን አስተካከሉ እንጂ ያልገባውን አየር አላስገቡም። ጭሱ ስለማይጠቁር እንዲያውም ድፍኑን ፊልትሮ ሰው ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። እነዚህ መጋዞች ፊልትሮ ከመክፈት ነፃ አያወጡም።

የፊልትሮ ዓይነት ብዙ ነው፤ አጠባቡም እንዲሁ። ከናይሎን ወንፊት የተሠራው አየር በደንብ ያሳልፋል፣ በቀላሉም ይታጠባል፤ ደቃቁን አፈር ግን ሙሉ በሙሉ አይዝም። ላዩ ላይ ጸጉር መሳይ ነገር የተነሰነሰበት ደቃቁን ይይዛል፣ በብሩሽ ሲታሽ ግን ጸጉሩ ይረግፋል። የታጠፈው ደቃቅ ማጣሪያ ለደረቅ በጋ የተሻለው ነው ባይ ነኝ። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ይቀየራል።

ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ መጥረግ፣ ቀጥሎ የካርቡራቶሩን አፍ የሚዘጋውን የማስነሻ መክደኛ መዝጋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ክዳኑ ላይ የተከመረው ሁሉ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። የሚታጠበው ፊልትሮ በለብ ያለ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይለቅለቅ፣ ጥላ ሥር እስኪደርቅ ይቆይ። በቤንዚን ማጠብ የተለመደ ቢሆንም ማጣበቂያውን ይበላል፣ ለእሳትም ያጋልጣል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኃይለኛ አየር መንፋትም ወንፊቱን ይበሳል፤ መንፋት ካስፈለገ በቀስታ፣ ራቅ አድርጎ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከድንጋይ ጋር ማላተም ጠርዙን ያጣምመዋል፤ ጠርዙ የተጣመመ ፊልትሮ በመሐል ቢያጣራም በዳር ያስገባል።

የተበሳ ፊልትሮ ከተደፈነው እጅግ የከፋ ነው። የተደፈነው ሞተሩን ያደክማል፣ የተበሳው ይበላዋል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ወደ ፀሐይ አቅንቶ ማየት ነው፤ ብርሃኑ እኩል ከገባ ደህና ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ነጥብ ሆኖ ከበራ ይጣል። ከዚያ በነጭ ጨርቅ የካርቡራቶሩን አፍ ጠረግ ማድረግ። ጨርቁ ላይ ዱቄት ከታየ ፊልትሮው ወይም ጓርኒሲዮኑ እያሳለፈ ነው። ብዙ የወደቁ ሞተሮች የከፈቱ መካኒኮች ከፒስቶኑ ያነባሉ፤ በማርሚታው በኩል የተጫረ ከሆነ ነዳጅ አንሶት ወይም ዘይት ጎድሎት ተቃጥሏል፣ አየር በሚገባበት በኩል ፈዝዞ ከተፋቀና ፋሻው ከሳሳ አፈር በልቷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መጋዝን ከመጋዝ ማወዳደር የሚቻለው። የታጠበ ፊልትሮ፣ በአንድ እጅ የተሳለ ሰንሰለት፣ እኩል ርዝመት ያለው መሪ ብረት፣ አንድ ዓይነት ድብልቅ፣ የሞቀ ሞተር፣ አንድ ግንድ፣ አንድ ቦታ። እንዲህ ሲሆን ቁጥሮቹ እውነታቸውን ይናገራሉ። የሽቲል ኤም ኤስ 382 በ72.2 ሲሲ 3.9 ኪሎዋት ያወጣል፤ የሁስክቫርና 372 ኤክስፒ በ70.7 ሲሲ ከዚያው አካባቢ ነው። በእነዚህ ሁለት መካከል የሚደረገው ክርክር ስለ ጉልበት ሊሆን አይችልም፤ ስለ መለዋወጫ መገኘትና ስለ ክብደት ቢሆን ይሻላል። ኤም ኤስ 250 በ45.4 ሲሲ 2.3 ኪሎዋት አለው፤ ለአጣናና ለመካከለኛ ባሕር ዛፍ ያገለግላል፣ ቀኑን ሙሉ ለያዘው ክንድም ይራራል። በርካሹ መጋዝ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ደግሞ የስም ቁጥር ነው፤ የሲሊንደሩን መጠን ሁልጊዜ ስለማይገልጽ ከወረቀቱ ላይ ሲሲውንና ኪሎዋቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ቆላ ላይ ከሚበቃው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሞተር ቢይዝ፣ መሪ ብረቱን ግን አጠር ቢያደርግ ይጠቀማል። በርካሽ የተገዛ መጋዝ ንጹሕ ፊልትሮና የተሳለ ጥርስ ካለው ዘርዛራ የባሕር ዛፍ ማሳ ውስጥ አያሳፍርም፤ ለጣውላ ስንጠቃ ግን አይመረጥም። ውድ መጋዝ ገዝቶ ፊልትሮውን የማይከፍት ሰው ገንዘቡን ጥሏል።

መጋዝ የምታስመጡ ነጋዴዎች፣ ከመጋዙ ጋር መለዋወጫ ፊልትሮም አስመጡ፤ የሚመስል ግን ጠርዙ የማይገጥም ቅጂ አትሽጡ። ወጣቶችን በማኅበር አደራጅታችሁ መጋዝ የምትሰጡ፣ ከመጋዙ ጋር የግማሽ ቀን ሥልጠና ስጡ፤ መጋዙ ወደ ያዘው ሰው ስለ መወርወሩና ስለ ሰንሰለት ማቆሚያው ካስተማራችሁ በኋላ ክዳኑን አስከፍታችሁ ፊልትሮውን በገዛ እጃቸው ያጥቡት። እናንተም መጋዙን የምትይዙ ወንድሞቼ፣ ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ፤ አንዱ ታጥቦ ሲደርቅ የምትገጥሙት ሁለተኛ ንጹሕ ፊልትሮ በቦርሳችሁ ይኑር። ሻጩ ሁለተኛ ፊልትሮ ከሌለው መጋዙን ከሌላ ቤት ግዙ።